የአሥር ሳንቲሙ አጋዘን

በ1969 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ አሥር ሳንቲም በአንድ ገጹ የአንበሳ ራስ፣ በሌላው ገጹ ቀንዱ የተጠማዘዘ አንድ የዱር እንስሳ ተቀርጾበታል። አንበሳውን የማያውቅ ሰው አልነበረም። ቀንዳሙን ግን ስሙን ጠርቶ የሚናገር ጥቂት ነበር። ሳንቲሙ ከረሜላ ሲገዛበትና በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ለነዳያን ሲሰጥ፣ እንስሳው ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ብዙ ዘመን ኖረ። አንዱ ድኩላ ነው ሲል፣ ሌላው የበረሃ ፍየል ነው ሲል፣ አብዛኛው ሰው ግን ጭራሹን ሳያየው አለፈ። እንስሳው የደጋ አጋዘን ነው። ከባሌ፣ ከአርሲና ከምዕራብ ሐረርጌ ተራሮች በቀር በዓለም ላይ በየትም ስፍራ በዱር አይገኝም።

አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ልጃቸውን ለመጠየቅ ወደ አሜሪካ በሄዱ ጊዜ፣ ከበርበሬውና ከሽሮው ጋር አንዲት አሥር ሳንቲም ይዘው ነበር። ልጃቸው የምትኖረው በኮሎራዶ ግዛት፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች በሰፈሩባት በኦሮራ ከተማ ነው። የዘጠኝ ዓመቱ የልጅ ልጃቸው የልዩ ልዩ አገር ሳንቲም እንደሚሰበስብ ሰምተው ነበርና፣ በሻንጣቸው ካለው ሁሉ እርሱን የምታስደስተው ይህች መሆኗን አስቀድመው ገምተዋል። ልጁ ሳንቲሟን ወደ መብራቱ አስጠግቶ አገላብጦ ተመለከተና፣ "አባባ፣ ይኼ ኤልክ ነው?" ሲል ጠየቀ።

"ኤልክ ደግሞ ምንድን ነው?" አሉ መምህሩ።

አማቻቸው ሣቀና፣ "ይህስ በቃል ከሚነገርዎ ሄደው ቢያዩት ይሻላል፤ ወቅቱም አሁን ነው" አላቸው። የመስቀል በዓል ካለፈ በኋላ በመጣው ቅዳሜ ወደ ሮኪ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ለመሄድ ተቆረጠ።

ገና ሳይነጋ ተነሡ። ልጃቸው ጥብሱን በትኩስ መያዣ፣ እንጀራውን በፎጣ ጠቅልላ፣ ቆሎውን በላስቲክ ቋጥራ አዘጋጅታ ነበር። መምህሩ ጋቢያቸውን ደረቡ። ሙቀት ያለው መኪና ውስጥ ጋቢ አያስፈልግም ቢባሉም፣ "ተራራ ተራራ ነው" ብለው እንቢ አሉ። መኪናው ሜዳማዋን ዴንቨርን ወደ ኋላ ትቶ፣ በቦልደርና በላየንስ በኩል ገደሉን እየታከከ ወጣ። ሁለት ሰዓት ያህል ከተጓዙ በኋላ በተራሮች መካከል የተቀመጠችው ትንሿ ኤስቲስ ፓርክ ከተማ ታየች። አስፐን የሚባለው ዛፍ ቅጠሉ ወደ ቢጫ ተለውጦ ተዳፋቱን ሁሉ ስላለበሰው፣ መምህሩ በመስኮት አሻግረው አይተው፣ "እናንተም አደይ አበባ አላችሁ ለካ፤ የእናንተው ዛፍ ላይ ወጣ እንጂ" አሉ።

እኩለ ቀን ላይ ትሬይል ሪጅ በተባለው መንገድ ወደ ላይ ወጡ። ይህ መንገድ በ1932 እ.ኤ.አ. ለተሽከርካሪ የተከፈተ ሲሆን፣ ከፍተኛው ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ 3,713 ሜትር ይደርሳል። ዛፍ ከሚበቅልበት ከፍታ በላይ ሲደርሱ ነፋሱ የመኪናውን በር ከእጅ ይነጥቅ ጀመር። መሬቱ ድንክ ሣርና ሽበት የመሰለ የድንጋይ ላይ ሽበት ብቻ ነው። አማቻቸው በኩራት ከፍታውን ሲነግራቸው፣ መምህሩ ጋቢያቸውን አጥብቀው፣ "የእኛ ሳነቴ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377። ጫፉ ድረስ በመኪና ይወጣል" ሲሉ መለሱ። ይህን ቁጥር ለአርባ ዓመት ያህል ሳይረሱት የኖሩት፣ በ1979 ዓ.ም. ባሌ ውስጥ በምትገኘው በዲንሾ ከተማ የጂኦግራፊ መምህር ሆነው ተመድበው ለአምስት ዓመት ስላስተማሩ ነው። ልጃቸውም የሕፃንነት ዕድሜዋን ያሳለፈችው እዚያ ነበር። ይሁን እንጂ ስለ ዲንሾ በቤታቸው ብዙ አይወራም። ቅዝቃዜው ይነሣል፣ ወተቱ ይነሣል፣ ከዚያ ወሬው ወደ ሌላ ይሄዳል።

ኤልኮቹን ለማየት የሚሻለው ሰዓት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ከምሽቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሞሬይን ፓርክ በሚባለው ሰፊ የተራራ ሜዳ ዳር ደረሱ። በመስከረምና በጥቅምት ወራት ከዚህ ሰዓት ጀምሮ እስከ ማለዳ ሜዳው ውስጥ መግባት ክልክል ነው፤ ሰው የሚቆመው በመንገዱ ዳር ብቻ ነው። ብዙ ሰው ቆሟል። ሽማግሌዎች ተጣጣፊ ወንበር ይዘው፣ እናቶች ሕፃናት አቅፈው፣ ፎቶ አንሺዎች ረጃጅም መነጽራቸውን አጥምደው ይጠባበቃሉ። የበጎ ፈቃድ አገልጋዮች በሰዎቹ መካከል እየተዘዋወሩ ከእንስሳቱ 23 ሜትር ያህል መራቅ ግድ መሆኑን ያስታውሳሉ። "ሁለት አውቶቡስ በቁመት ሲሰለፍ ማለት ነው" ብሎ ልጁ ለአያቱ ተረጐመላቸው።

መጀመሪያ የመጣው ድምፁ ነው። ከጥዱ ጫካ ውስጥ እንደ እምቢልታ ወፍሮ ተነሣና፣ እየቀጠነ እየቀጠነ ሄዶ እንደ ዋሽንት ሆነ። መጨረሻው ላይ ደግሞ የደከመው ሰው እንደሚያደርገው ሁለት ሦስት ጊዜ አጉረመረመ። በሜዳው ዳር ያለው ሰው ሁሉ ጸጥ አለ። ከዚያ ወንዱ ወጣ። ቡናማ አካሉ ላይ አንገቱ ጠቁሮ፣ ቀንዱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ በፊቱ ሃያ የሚያህሉ ሴቶችን እየነዳ ሜዳውን አቋረጠ። እንዲህ ያለው ወንድ ኤልክ ከ300 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። ቀንዱ በየዓመቱ በክረምታቸው መጨረሻ ይወድቅና በበጋው እንደገና ይበቅላል። ልጁ ይህን ሲናገር መምህሩ ሳንቲሟን ጠይቀው ተቀበሉና፣ "የዚህኛው አይወድቅም። አንዴ ከበቀለ እስከ ዕለተ ሞቱ ነው" አሉት።

አንዲት አረጋዊት በጎ ፈቃደኛ ልጁ ሲያስተረጕም አይታ ቀረበች። መምህሩ በልጁ በኩል፣ "እነዚህ ከጥንትም እዚሁ የነበሩ ናቸው?" ብለው ጠየቋት። የሴትዮዋ መልስ ያልጠበቁት ሆነ። የጥንቶቹ አልቀዋል አለች። በ19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ሰፋሪዎች ወደዚህ ሸለቆ ሲመጡ ኤልክ በመንጋ ይታይ ነበር። አዳኞች ሥጋውን ለገበያ ወደ ዴንቨር ያወርዱ ጀመር፤ ምዕተ ዓመቱ ሳያልቅ በሸለቆው ውስጥ ኤልክ የለም ማለት ይቻል ነበር። ፓርኩ በ1915 እ.ኤ.አ. ከመቋቋሙ በፊት፣ በ1913 እና በ1914 እ.ኤ.አ. 49 ኤልኮች ከሩቁ የየሎስቶን አካባቢ ተጭነው መጥተው እዚህ ተለቀቁ። ዛሬ ሜዳውን የሞሉት የእነዚያ ዘሮች ናቸው።

ነገሩ በዚያ እንዳልተፈጸመም ሴትዮዋ አልደበቀችም። በሜዳው መካከል የቆመውን ከፍ ያለ የሽቦ አጥር አሳየቻቸው። ኤልኮቹ ሲመለሱ ተኵላው አልተመለሰም ነበርና፣ የሚያሳድዳቸው ጠፍቶ በዙ። የአኻያውንና የአስፐኑን ቀንበጥ እየጋጡ እንዳያድግ አደረጉት። ስለዚህ ፓርኩ በ2008 እ.ኤ.አ. በጸደቀ ዕቅድ መሠረት፣ ዛፎቹ ፋታ አግኝተው እንዲያንሠራሩ አንዳንዱን ስፍራ አጠረ። አጥሩ ለሰው በር አለው፤ የሚከለክለው ኤልኩን ነው። በኮሎራዶ ተኵላ በመንግሥት እጅ መልሶ የተለቀቀው ገና በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ እርሱም ከዚህ ሸለቆ ርቆ ነው። የጠፋን መመለስ ይቻላል፤ ግን አንዱን መልሰው ሌላውን ሲተዉ ተራራው ሒሳቡን ይጠይቃል።

መምህሩ ከዚያ በኋላ ብዙ አልተናገሩም። ወንዱ ኤልክ ደጋግሞ ጮኸ፤ ከሜዳው ማዶ ሌላው መለሰለት። ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ገባች። ልጃቸው ብርድ የመታቸው መስሏት ወደ መኪናው ወሰደቻቸው።

በመልስ ጕዞው ላይ ልጁ፣ "አባባ፣ ዲንሾ እያለህ የሳንቲሙን አጋዘን አይተኸዋል?" ብሎ ጠየቃቸው።

"አይቼዋለሁ" አሉ። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና ቀጠሉ።

ዲንሾ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት ያለባት ከተማ ናት። ፓርኩ የተቋቋመው በ1970 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ቀደም ብሎ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋዘኑን በስፋት ያጠናው ሌስሊ ብራውን ነበር። ብራውን በዚያን ጊዜ ቁጥሩ እስከ 12,500 ሊደርስ እንደሚችል ገምቶ ነበር። እንስሳው በአውሮፓ ሳይንስ ዘንድ የታወቀው ገና በ1910 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከአፍሪካ ትልልቅ አጥቢዎች ዘግይተው ከታወቁት አንዱ ነው ማለት ነው። ስሙም ከሁለት ዓመት በፊት በጥይት ለመታው እንግሊዛዊ አዳኝ ለባክስተን መታሰቢያ ተሰጠ። የዲንሾ ተማሪዎች ግን ከአባቶቻቸው የወረሱት የራሳቸው ስም ነበራቸው፤ ገደምሳ ይሉታል። መምህሩ ይህን ትምህርት በጀመሩበት ቀን አሥር ሳንቲም ከኪሳቸው አውጥተው በየረድፉ አዙረው ነበር። "ከዚህ ከእኛ በቀር የትም አገር የለም። ከመስኮት ወጥታችሁ የምታዩትን ነው መንግሥት በገንዘብ ላይ የቀረጸው" ብለው ሲናገሩ፣ ልጆቹ አንገታቸውን አስግገው ወደ ውጭ ይመለከቱ ነበር።

በእርግጥም ይታይ ነበር። ማለዳ በጋይሳይ ሜዳ ላይ፣ በጭቁኙ መካከል በመንጋ ቆመው ያድራሉ። ወንዶቹ ጥቍር ቡናማ፣ በጀርባቸው ላይ ጋማ የተከሉ፣ ቀንዳቸው ወደ ላይ የተጠማዘዘ ነው። ሴቶቹ ቀንድ የላቸውም። ፓርኩ ለዓመታት ስለ ጠበቃቸው ሰው መፍራት ትተው ነበር። ወደ ጽሕፈት ቤቱ ግቢ ገብተው ከኮሶውና ከጥዱ ሥር ሲተኙ፣ ከብት የሚጠብቅ ልጅ በመካከላቸው ያልፋል።

ግንቦት 1983 ዓ.ም. መጣና ደርግ ወደቀ። ለጥቂት ወራት የሚያዝም የሚታዘዝም አልነበረም። የፓርኩ ንብረት ተዘረፈ፤ ጥበቃው ፈረሰ፤ መሣሪያ በየቤቱ ገባ። የመምህራን ደመወዝ ቆመ። ሌሊት ሌሊት ከጋይሳይ በኩል ተኵስ ይሰማል። ተኳሹ ማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ አልነበረም። ከተኳሾቹ ብዙዎቹ የተራቡ ናቸው፤ ሌሎቹ ደግሞ ፓርኩን የወደቀው መንግሥት ንብረት አድርገው ስለሚያዩት ቂማቸውን በእንስሳው ላይ ተወጡ።

"አንድ ማታ በር ተንኳኳ" አሉ መምህሩ። "አንድ ጎረቤት ነው። ደግ ሰው ነበር። በጆንያ የተጠቀለለ ጭን ይዞ ቆሟል። 'ልጅቷ ታማለች ሲሉ ሰማሁ፤ መረቅ ይጠጣላት' አለኝ። እናትሽ ለእኔ ብላ ዝም አለች። እኔም ተቀበልሁ። ሥጋ ሲመጣ ማን ባረከው፣ በማን እጅ ታረደ ብሎ የማይጠይቅ ሰው አለ? እኔ አልጠየቅሁም። ብጠይቅ መልሱን አውቀዋለሁና።"

በመኪናው ውስጥ ለጊዜው የሚናገር ጠፋ። መንገዱ በላየንስ በኩል ወደ ሜዳው እየወረደ ነበር።

"የበግ ነው ብለኸኝ ነበር" አለች ልጃቸው።

"አዎ፤ የበግ ነው ብዬሻለሁ።"

"ሽታው የበግ አልነበረም፣ አባዬ። አምስት ዓመቴ ቢሆንም አውቄዋለሁ። ደግሞም አንድ ቀን ብቻ አልነበረም፤ ሁለት ጊዜ ነው።"

መምህሩ ዝም አሉ። ሁለተኛውን ጊዜ ለማንም ነግረው አያውቁም ነበር። በመጀመሪያው ልጅ ታማ ነበር፤ በሁለተኛው ግን ልጅቷ ድናለች። በሁለተኛው ጎረቤቱ ሳይመጣ እርሳቸው ራሳቸው ሄደው ገንዘብ ከፍለው ገዝተዋል። ርኃብ ነበር፤ ይሁንና ርኃቡ ድንች የሚያስታግሠው ነበር። ሰው ለአንዱ ጥፋት ምክንያት ሲያገኝ፣ ያው ምክንያት ለሁለተኛውም የሚበቃ ይመስለዋል። በሚቀጥለው መስከረም ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ያን ትምህርት አላስተማሩም፤ ሳንቲሙንም በክፍል አላዞሩም። በ1984 ዓ.ም. ዝውውር ጠይቀው ከዲንሾ ወጡ። ከዚያ ወዲህ ባሌን አልረገጡም።

"ሁለት ጊዜ ነው" አሉ በመጨረሻ። "ልክ ነሽ።"

ልጁ ከኋላ ወንበር ሆኖ ሲያዳምጥ ቆይቷል። "ሲተኰስባቸው አይሸሹም?" አለ።

"አይሸሹም ነበር፣ ልጄ። ሰው ማመን ለምደው ነበር። ሲተኰስባቸው ጊዜ የተረፉት የሮጡት ወደ ጫካው መስሎህ ይሆናል፤ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ግቢ ነበር የመጡት።"

"ታዲያ እንደ ኤልኮቹ ከሌላ ቦታ አምጥቶ መተካት ነዋ።"

መምህሩን ከሜዳው ዳር ጀምሮ ዝም ያሰኛቸው ይኸው ነበር። የኮሎራዶ ሰዎች የራሳቸውን ኤልክ ጨርሰው ሲጸጸቱ፣ ወደ የሎስቶን ሄደው 49 ለማምጣት ቻሉ። ጸጸታቸው መድረሻ ነበረው። የደጋ አጋዘን ግን ከእነዚያ ጥቂት የኢትዮጵያ ተራሮች በቀር የለም። በዲንሾና በአካባቢው የተረፉት ቢያልቁ ኖሮ፣ የሚሄዱበት ሌላ አገር፣ የሚለምኑት ሌላ መንጋ አልነበረም። ዘሩ ያልጠፋው ሰው ስለ ተጸጸተ አይደለም፤ ጥቂቶቹ በግቢው አጥር ውስጥ ስለ ተጠለሉና ጠባቂዎች ስለ ተመለሱ ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ መምህሩ ዜናውን በሬዲዮ ሰምተው ነበር፤ ያን ጊዜ ሬዲዮውን ቀነስ አድርገው ወደ ሌላ ሥራ እንደ ዞሩ አሁን ትዝ አላቸው። እንስሳው ዛሬም በጥቂት ሺሕ የሚቈጠር፣ የመጥፋት አደጋ ያንዣበበበት ነው። እርሻውና ግጦሹ ወደ ላይ እየወጣበት ነው።

"የሚመጣበት ሌላ ቦታ የለም" አሉት ለልጁ። "ያለው ያው ያለው ነው።"

መምህሩ በጥቅምት አጋማሽ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ሳንቲሟ ለልጁ ቀረች። በኅዳር ወር አንድ ማለዳ፣ ለማንም ሳይናገሩ፣ በሻሸመኔና በዶዶላ በኩል ወደ ባሌ በሚሄድ አውቶቡስ ተሳፈሩ። ያደሩት በሮቤ ነው። በነጋታው ጋቢያቸውን ደርበው ወደ ዲንሾ ተመለሱና የመግቢያውን ከፍለው፣ አንድ ወጣት አስጎብኚ ተመድቦላቸው፣ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ጀርባ ባለው ጫካ ወጡ። ወጣቱ የዲንሾ ልጅ ነው። ከዚህ በፊት መጥተው ያውቁ እንደ ሆነ ሲጠይቃቸው፣ "አስተምሬበታለሁ" ከማለት በቀር አልጨመሩም። የማንም ልጅ መሆኑን ግን አልጠየቁትም፤ የዚያ ጎረቤት ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ቢሆን የሚመልሱት አልነበራቸውም።

ከኮሶዎቹ ሥር፣ ጤዛው ገና ሳይደርቅ፣ አገኟቸው። ሴቶች ናቸው፤ ሁለቱ ዝናቡ ካበቃ በኋላ የተወለዱ ግልገሎች አስከትለዋል። ትንሽ ራቅ ብሎ አንድ ወንድ፣ ፀሐይ ቀንዱ ጫፍ ላይ ዐርፋ፣ ወደ እነርሱ ተመለከተ። አልጮኸም፤ እንደ ኤልኩ የሚጮኽ እንስሳ አይደለም። አስጎብኚው ጠጋ እንዲሉ በእጁ ጠቆማቸው። መምህሩ በዓይናቸው ርቀቱን መጠኑና፣ ሁለት አውቶቡስ የማይሞላ ሆኖ ስላገኙት፣ አራት አምስት እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሱ። ወጣቱ ፈርተው መስሎት ፈገግ አለ።

እስኪሞቅ ድረስ ቆሙ። ማታ ከሮቤ ሆነው ወደ ኦሮራ ደወሉ። እዚያ ጧት ነበርና ልጁ ወደ ትምህርት ቤት ሊሄድ ነው። "አሥራ አንድ ቈጥሬያለሁ" አሉት። "ዘጠኙ ትልልቅ፣ ሁለቱ ግልገል።"

"ሲያዩህ ሸሹ?" አለ ልጁ።

"አልሸሹም" አሉ መምህሩ።